ሁለት ጊዜ ከፍዬ ያሠራሁት የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት፦ ከሐዋሳ ላቫጆ

ሰሞኑን ሦስት ሰው ደውሎልኛል። ሦስቱም ሐዋሳ ውስጥ ላቫጆ ያላቸው ወይም ሊከፍቱ ያሰቡ ናቸው። ጥያቄያቸው አንድ ነው። "ያንን የአካባቢ ጥናት ማን ሠራልህ? ስንት አስከፈሉህ? አለፈልህ?" ለእያንዳንዱ በስልክ ከምተርክ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ አጭሩን ልንገራችሁ። ሁለት አማካሪ ነው ያሠራሁት። የመጀመሪያው በ35,000 ብር ተስማምቶ በስድስት ቀን ሪፖርት አስረከበኝ፣ ሪፖርቱም ተመለሰብኝ። ሁለተኛዋ 60,000 ብር ወስዳ ሰባት ሳምንት ፈጀች፣ የሷ አለፈ። ለመጀመሪያው ከአምስት ኮከብ አንድ፣ ለሁለተኛዋ አራት እሰጣለሁ። የሁለቱንም ስም እዚህ አልጽፍም። እኔ ማካፈል የምፈልገው ጥሩ ጥናት ምን እንደሚመስል ነው፤ እሱን ካወቃችሁ ማንንም ብትቀጥሩ አትሸወዱም።

ነገሩ የጀመረው በውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ሥራ ይቆማል፣ በቦቴ መግዛት ደግሞ ትርፉን ይበላዋል። ስለዚህ ግቢዬ ውስጥ በማሽን ጉድጓድ ማስቆፈር ፈለግሁ። በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ ቢሆን ፈቃድ አይፈልግም ነበር፤ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጁ፣ 197/1992 ማለቴ ነው፣ በእጅ የተቆፈረውን ከፈቃድ ነፃ አድርጎታል። በማሽን ቆፍሮ ለንግድ መጠቀም ግን ፈቃድ አለው። ማመልከቻዬን ይዤ ስሄድ ታዲያ "ላቫጆ ነው? እንግዲያው የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት አያይዘህ ና" ተባልኩ። ሙሉ ጥናት አያስፈልግህም፣ ከፊል ይበቃሃል አሉኝ። እኔም በልቤ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ነው፣ ከፍዬ ላሠራና ልገላገል ብዬ ነው የወጣሁት። ስህተቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን አማካሪ ያገኘሁት በሰው በሰው ነው። ስልክ ደወልኩ፣ ካፌ ተገናኘን፣ የንግድ ፈቃዴንና የቦታ ካርታዬን ፎቶ አነሳ፣ ግማሹን ክፍያ ወሰደ። ላቫጆው ጋ አልመጣም። "አያስፈልግም፣ ላቫጆ ላቫጆ ነው" አለኝ። በስድስተኛው ቀን በደንብ የተጠረዘ፣ ሽፋኑ ላይ የሐይቁ ፎቶ ያለበት ሪፖርት ሰጠኝ። አምሮ ነበር። ሳላነብ ፈርሜ አስገባሁት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ተጠራሁ። የገመገመው ባለሙያ ሪፖርቱን ገልጦ ጠረጴዛው ላይ አዞረልኝና "እስቲ ይህን አንብብልኝ" አለኝ። አነበብኩ። የላቫጆዬ ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ነው ይላል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ናት። ቀጥሎ በአካባቢው ስለሚገኙ የዱር እንስሳት የሚል ክፍል አለ፤ ጭላዳ ዝንጀሮ ተጽፏል። ጭላዳ የደጋ እንስሳ ነው፣ ሐዋሳ ምን ያመጣዋል? ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ሻይ የጠጣ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ጉሬዛና አባ ኮዳ ግን የሉበትም። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው ይላል። የፍሳሹ መድረሻ የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ የአንድ ሌላ ወንዝ ስም አለ፣ ከኛ በብዙ ኪሎ ሜትር የራቀ።

ይህ ሁሉ ኮፒ ፔስት ነው፣ አሳፋሪ ነው፣ ግን ይታረማል። እኔን ያስደነገጠኝ የመጨረሻው አባሪ ነው። "የማኅበረሰብ ምክክር ቃለ ጉባኤ" ይላል። የአሥራ ሁለት ሰው ስምና ፊርማ አለው። እንዲህ ያለ ስብሰባ አልተደረገም። ከስሞቹ አንዱ ከበሬ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ጎረቤቴ ነው፤ ከሰዓት ሄጄ ስጠይቀው "ኧረ እኔ ምንም አልፈረምኩም" አለኝ። እንዴት እንደተመለከተኝ እስካሁን አልረሳውም።

እዚህ ላይ ለምትደውሉልኝ ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። ጥናቱን አማካሪ ይሠራው እንጂ ባለቤቱ እናንተ ናችሁ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጥናቱን የማስጠናትም ወጪውን የመሸፈንም ግዴታ የጣለው በፕሮጀክቱ ባለቤት ላይ ነው። ያለ ፈቃድ ሥራ የጀመረ ወይም ሪፖርቱ ላይ ሐሰተኛ ነገር ያቀረበ ሰው ከ50,000 እስከ 100,000 ብር እንደሚቀጣ እዚያው ተጽፏል። እኔ አማካሪው የጻፈውን ሳላነብ ነው የፈረምኩት። ባለሙያው ሪፖርቱን መልሶ እንደገና እንድሠራ ባይፈቅድልኝ ኖሮ ተጠያቂው እኔ ነበርኩ። ለአማካሪው ስደውል "የተለመደ ነው፣ አስተካክዬ እሰጥሃለሁ" አለኝ። አልፈለግሁም። ቀሪውን ክፍያ አልከፈልኩትም፣ የወሰደውንም አልመለሰልኝም።

ሁለተኛዋን ያገኘኋት አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያለው ወዳጄ ጠቁሞኝ ነው። ስደውልላት ስለ ዋጋ ከማውራቷ በፊት የጠየቀችኝ ጥያቄ ይህ ነበር፦ "ጋሼ፣ መኪና ያጠቡበት ውሃ የት ነው የሚሄደው?" "ዲች ውስጥ" አልኳት። "ዲቹስ የት ይሄዳል?" ዝም አልኩ። ስምንት ዓመት ላቫጆ ሠርቻለሁ፣ ውሃው ከበሬ ከወጣ በኋላ የት እንደሚሄድ አንድም ቀን ተከትዬ አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጧት አንድ ሰዓት መጣች። ጫማዋ ቦቲ ነው፣ በትከሻዋ ትንሽ ቦርሳ። መጀመሪያ ቁጭ ብላ ልጆቹ ሦስት መኪና ሲያጥቡ ዝም ብላ አየች። ከዚያ 20 ሊትር ጀሪካን አስመጣችና ከውሃው ጎማ ሥር አስቀምጣ በስልኳ ሰዓት ያዘች። በ30 ሰከንድ ሞላ። ይህ ማለት ጎማው ክፍት ሲሆን በደቂቃ 40 ሊትር ይፈሳል ማለት ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ መኪና ጎማው ስንት ደቂቃ ክፍት እንደሚሆን ለካች። ለአውቶሞቢል ስድስት ደቂቃ፣ ማለትም 240 ሊትር። ለባጃጅ ሦስት ደቂቃ፣ 120 ሊትር። ለአይሱዙ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ 600 ሊትር። ደብተሬን አይታ ደግሞ በቀን በአማካይ አሥር አውቶሞቢል፣ አሥራ አምስት ባጃጅና ሦስት አይሱዙ እንደማጥብ ያዘች። ደመረችው፤ 6,000 ሊትር። በቀን ስድስት ሜትር ኩብ። የመጀመሪያው ሪፖርት ሁለት ሜትር ኩብ ነበር የሚለው፣ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። በዚያ ቁጥር የውሃ ፈቃድ ቢሰጠኝ ኖሮ ከተፈቀደልኝ ሦስት እጥፍ ስቀዳ ልኖር ነው። በዚያ ቁጥር የተሠራ የማጣሪያ ገንዳም በመጀመሪያው ሳምንት ሞልቶ ይፈስ ነበር።

እስቲ አስቡት፣ አንድ ጀሪካንና አንድ ስልክ ነው የፈጀው። ግማሽ ቀን እንኳ አልሞላም።

ከሰዓት በፊት "ኑ እንሂድ" አለችኝ። ዲቹን ተከትለን በእግራችን ወረድን። ፀሐዩ ከባድ ነበር፣ አርባ ደቂቃ ያህል ሄድን። አንዳንድ ቦታ ዲቹ ክፍት ነው፣ አንዳንድ ቦታ በኮንክሪት ክዳን ተሸፍኗል፣ አንድ ቦታ በላስቲክና በጫት ገረባ ተደፍኖ ውሃው ወደ መንገዱ ይወጣል። መንገድ ላይ እያለን ትቆጥራለች። ወደዚሁ ዲች የሚለቁ ሌሎች ሁለት ላቫጆዎችና ሁለት ጋራዦች አገኘን። ሪፖርቱ ውስጥ ይህንን "ድምር ተጽዕኖ" ብላ ጻፈችው። እኔ ሁልጊዜ የኔ ትንሽ ላቫጆ ሐይቁን ምን ታደርገዋለች እል ነበር። ሌሎቹም ስለየራሳቸው እንደዚያው ይላሉ። ዲቹ ግን የሁላችንንም ነው የሚሸከመው።

ዲቹ መጨረሻው ሸምበቆ ያለበት ረግረግ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ሐይቁ። ሁለት ልጆች ዓሣ እያጠመዱ ነበር። አባ ኮዳዎች እንደ ልማዳቸው ቆመዋል። እዚያ ቆማ ያስረዳችኝን ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስለት ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው፣ ከሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውሃው ይተናል፣ አብሮት የገባው ነገር ግን አብሮ አይተንም። የኦሞና የፈሳሽ ሳሙና ፎስፌት ለአልጌ ማዳበሪያ ነው። ዘይቱም እዚያው ነው የሚቀረው። ሌላ ከተማ ቢሆን ወንዙ ወስዶ ለታችኛው ያስረክበዋል፣ ያም ጥሩ አይደለም፤ እዚህ ግን የታችኛው ራሳችን ነን። አሞራ ገደል ሄደን የምንበላው ቆሮሶ ከዚሁ ውሃ ነው የሚወጣው። በ2008 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን ወደ ውጪ ሳይለቅ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ታስቦ ነው የተሠራው። እነዚያን የሚያህሉ ፋብሪካዎች የሚጠየቁትን ነገር እኛ በአቅማችን አንጠየቅም የምንልበት ምክንያት አልታየኝም።

ከዚያ ተመልሰን ወደ ግቢዬ ገባን። ከመውጫ ቱቦው ሥር አንድ ሃይላንድ ላስቲክ ሞላችና ጥላ ሥር አስቀመጠችው። "ቡና እንጠጣ፣ ከዚያ እናየዋለን" አለች። ቡናው አልቆ ስንመለስ ውሃው ሦስት ቦታ ተከፍሏል። ከታች ጣት የሚያህል ጥቁር ደለል። መሐሉ ግራጫ ውሃ። ከላይ ደግሞ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብለጨልጭ ስስ ዘይት። ልጆቹም ተሰብስበው አዩት። አንደኛው "ይሄን ሁሉ እኛ ነን የለቀቅነው?" አለ። የላብራቶሪ ናሙና በኋላ ለብቻው ተወስዷል፣ ፒኤቹም (አሲድነቱ ማለት ነው) ዘይቱም ደለሉም ፎስፌቱም ተለክቷል፣ ቁጥሩ ሪፖርቱ ውስጥ አለ። እኔን ያሳመነኝ ግን ያ ላስቲክ ነው። እስካሁን ቢሮዬ መደርደሪያ ላይ አለ።

ሌላው የማልረሳው የድንጋዩ ነገር ነው። የመጀመሪያው አማካሪ ሪፖርት ፍሳሹ በመምጠጫ ጉድጓድ ይወገዳል ይል ነበር፤ አፈሩ ዋልካ ነው፣ ቶሎ አያሳልፍም፣ ችግር የለውም የሚል ሐሳብ ነው። ሴትዮዋ ግቢዬ ጥግ ሁለት ሜትር ያህል አስቆፈረች። የወጣው ነጭ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀላል ድንጋይ ነው። አንዱን አንስታ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣለችው። ተንሳፈፈ! "ይኸው ጋሼ፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ውሃ እንደ ወንፊት ነው የሚያሳልፈው። እዚህ ላይ መምጠጫ ጉድጓድ ቆፍረው ዘይት ያለበት ውሃ ቢለቁበት፣ መልሰው በጉድጓድዎ ይቀዱታል።" በአንድ በኩል ንጹሕ ውሃ ላወጣ ጉድጓድ እያስቆፈርኩ፣ በሌላ በኩል እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሻሻውን ላስገባ ነበር ማለት ነው። ይህን የሚነግራችሁ አማካሪ ካላገኛችሁ ገንዘባችሁን አትክፈሉ።

ምክክሩን ደግሞ እንዴት እንዳደረገችው ልንገራችሁ። አዳራሽ የለ፣ ባነር የለ። ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤቶቼን ጠርተን ግቢዬ ውስጥ ቡና ተፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ። ወደ ሃያ ሰው መጣ። እኔን "እርስዎ ዛሬ አይመልሱ፣ ይስሙ ብቻ" አለችኝ። ከበደኝ፣ ግን ሰማሁ። ከታች በኩል የሚኖሩ አንዲት እማማ "ክረምት ክረምት ዲቹ ሲሞላ ውሃው ደጄ ይገባል፣ ዶሮዎቼ ይጠጡታል፣ የጎመን መደቤ ላይ ዘይቱ ይተኛል፤ ስንት ጊዜ ለልጆቹ ተናገርኩ" አሉ። ለኔ ማንም አልነገረኝም ነበር። አንድ አባወራ ስለ ፓምፑ ጩኸት ተናገረ፣ ሌሊት ልጁ አይተኛም። አንዲት ልጅ ደግሞ መኪኖቹ ተራ ሲጠብቁ የእግረኛውን መንገድ ስለሚዘጉት ተማሪዎች አስፋልት ላይ ነው የሚሄዱት አለች። ሁሉም ተጻፈ። የፈረመው የነበረው ሰው ብቻ ነው። አዋጁ ሪፖርቱ ለሕዝብ እንዲገለጥ፣ በተለይ የሚነካው ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲካተት የሚያዘው ለዚህ መሆኑ ያን ቀን ነው የገባኝ፤ እማማን የመሰለ መረጃ በየትኛውም ላብራቶሪ አይገኝም።

ከምክክሩ በኋላ ልጆቹን ለብቻቸው አነጋገረቻቸው። እጃቸውን አሳዩዋት። የአንዱ ልጅ ጣቶች በሳሙናው ተልጠው ቆስለዋል። በየቀኑ ከኔ ጋር ምሳ የሚበላ ልጅ ነው፣ አላየሁትም ነበር። ይህን ስጽፍም ያመኛል። ጓንትና ቦቲ በአያያዝ ዕቅዱ፣ ጉዳቱን ለመቀነስ ምን እንደምናደርግ በሚዘረዝረው የሪፖርቱ ክፍል፣ መጀመሪያ ገጽ ላይ ገባ፤ እኔ ግን ሪፖርቱን አልጠበቅሁም፣ በማግስቱ ገዛሁ።

አሁን ወደ መፍትሔው። ያቀረበችው ነገር አቅሜን ያየ ነው። ባለ ሦስት ክፍል ገንዳ በብሎኬት ተገንብቶ በሲሚንቶ ይለሰናል። እያንዳንዱ ክፍል ወርዱ አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ የውሃው ጥልቀት አንድ ሜትር ከሃያ። ሦስቱ አንድ ላይ 5.4 ሜትር ኩብ ይይዛሉ፣ ወደ አንድ ቀን ፍሳሽ የሚጠጋ። የመጀመሪያው ክፍል ደለሉን ያስቀራል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሳልፈው ቱቦ ወደ ታች በኤልቦ የታጠፈ ነው፤ ዘይት ስለሚንሳፈፍ ከላይ ይቀራል፣ ውሃው ብቻ ከሥር ይተላለፋል። ይኸው ነው ሚስጥሩ። ግንበኛው መጀመሪያ "ይሄ ኤልቦ ለምንድን ነው፣ ቀጥ ብሎ ቢሄድ አይሻልም?" ብሎ ሊያወጣው ነበር። እዚያው ነበረችና አስቆመችው።

ሁለተኛው ነገር ሽጉጥ ነው፣ ጎማው ጫፍ ላይ የሚገባው። ልጁ ጣቱን ሲለቅ ውሃው ይቆማል። በፊት ሳሙና ሲያሹ ጎማው መሬት ላይ እየፈሰሰ ነበር። አሁን በራሴ ጀሪካን ስለካ አውቶሞቢል ወደ 150 ሊትር ወርዷል። ሽጉጡ ከገንዳው ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም አይደለም። መጀመሪያ እሱን ግዙ።

የተንሳፈፈው ዘይት በየሳምንቱ ተቀድቶ በርሜል ውስጥ ይገባል። የተቃጠለ ዘይት ለእንጨት ምስጥ መከላከያ የሚገዛ ሰው አይጠፋም፣ ግን ለማን፣ መቼ፣ ስንት ሊትር እንደተሰጠ ደብተር ላይ እንድይዝ አስገድዳኛለች። ፓምፑ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ አይነሳም። ተራ የሚጠብቁ መኪኖች ግቢ ውስጥ ይገባሉ።

የሚቀረኝ የሷ ጉድለት ነው፣ አንድ ኮከብ የቀነስኩባት በከንቱ አይደለም። አንደኛ ዘግይታለች። አራት ሳምንት ብላ ሰባት ፈጀች፣ መሐል ላይ ደግሞ ለአሥር ቀን ስልክ አታነሳም ነበር፤ የላብራቶሪ ውጤት እየጠበቀች እንደነበር በኋላ ነው የነገረችኝ። መልእክት መጻፍ ምን ይጎዳል? የላብራቶሪው ክፍያ ከ60,000ው ውጪ መሆኑንም መጀመሪያ ላይ በግልጽ አልነገረችኝም። ሁለተኛው ቅሬታዬ ይብሳል። ሪፖርቱ 84 ገጽ ነው፣ በእንግሊዝኛ። የአማርኛው ማጠቃለያ አንድ ገጽ ተኩል ብቻ። ሥራውን የሚሠሩት ልጆች፣ ቅሬታ ያቀረቡት እማማ፣ ገንዳውን የሚገነባው ግንበኛ፣ አንዳቸውም 84 ገጽ እንግሊዝኛ አያነቡም። ይህን ነገርኳትና የአያያዝ ዕቅዱን በአማርኛ፣ ለልጆቹ ደግሞ በሲዳምኛ፣ አራት ገጽ አድርጋ ሠራችልኝ። ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ግን ሳልጠይቅ መሆን ነበረበት።

84 ገጽ ለላቫጆ አይበዛም ወይ ብያት ነበር። እሷም እንደሚበዛ አመነች፣ ግማሹ የተለመደው ቅርጽ ስለሚጠይቅ የገባ ነው አለች። ኒውዚላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የሀብት አስተዳደር ሕግ አመልካቹ የሚያቀርበው ግምገማ ዝርዝሩ ሥራው ከሚያስከትለው ተጽዕኖ መጠን ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን እንደሚጠይቅ ያን ዕለት ነው የነገረችኝ። ትንሽ ሥራ፣ ትንሽ ሪፖርት። ይህ ሐሳብ ወድጄዋለሁ። እኛም ጋ ቢለመድ እንደኔ ያለ ሰው ሃያ ገጽ አንብቦ፣ ገብቶት ይፈርም ነበር።

ሪፖርቱ ከገባ በኋላ ብዙ አልተንገላታሁም። አዋጁ መሥሪያ ቤቱ መርምሮ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲወስን ነው የሚለው፤ ያለ ቅድመ ሁኔታ ሊያጸድቅ፣ በቅድመ ሁኔታ ሊያጸድቅ ወይም ሊከለክል ይችላል። የኔ በቅድመ ሁኔታ ጸደቀ። ቅድመ ሁኔታው ጉድጓዱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ገንዳው እንዲያልቅና በየሦስት ወሩ የመውጫው ውሃ እንዲመረመር ነው። ይህ የምርመራ ወጪ በየዓመቱ እንዳለ አስባችሁ ግቡበት። ቅድመ ሁኔታ አለማክበርም ለብቻው ቅጣት አለው።

ለምትቀጥሩት አማካሪ ከውል በፊት እኔ ብሆን የምጠይቀው ይህን ነው፦ ቦታው ላይ ስንት ቀን ትውላለህ? ፍሳሹን የት ድረስ ትከተላለህ? ናሙናውን ማን ይወስዳል፣ ክፍያው ዋጋው ውስጥ ነው ወይ? ምክክሩ ላይ እኔ አለሁበት ወይ? ክፍያውን ደግሞ ሦስት ቦታ ከፋፍሉት፤ የመጨረሻው ሲሶ የሚከፈለው ሪፖርቱን ራሳችሁ ካነበባችሁ በኋላ ይሁን። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ቤት ውስጥ የሚያነብ ልጅ አይጠፋም፣ ቁጭ ብሎ ይተርጉምላችሁ። የኔን ልጄ ነው ያነበበችልኝ፣ ሁለት ምሽት ፈጀብን፤ ሁለት ቦታ የተሳሳተ ቁጥርም አገኘችበት።

ባለፈው ከባድ ዝናብ ሲጥል ማታውኑ ጃንጥላ ይዤ ወደ እማማ ደጅ ወረድኩ። ዲቹ ሞልቶ ውሃው ግቢያቸው ገብቷል፣ ያንን ገንዳዬ አያስቆመውም፣ ዲቹ መጠረግ አለበት። ጎንበስ ብዬ በባትሪ አየሁት። ጭቃ ነው፣ ላዩ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር አላየሁም። እማማ ከበሩ ሆነው "ምን ጠፋብህ ልጄ?" አሉኝ። ዲቹን በጋራ እንድናስጠርግ ለሌሎቹ ሁለት ላቫጆዎችና ለጋራዦቹ ነግሬያለሁ፣ አንዱ ላቫጆ እሺ ብሏል። የገንዳውን ልክና የኤልቦውን አገጣጠም ማየት የሚፈልግ ይምጣ፣ ጧት ጧት እዚያው ነኝ።